ጭነት፣ ሚዛንና ክንፍ፦ የስበት ማዕከል ፍለጋ ከጎልቦ ሜዳ እስከ አውሮፕላን ሞዴል

የስበት ማዕከል የሚባለው የአንድ አካል ክብደት በሙሉ ተሰብስቦ እንዳለ የሚቆጠርበት ነጥብ ሲሆን፣ አካሉ ልክ በዚህ ነጥብ ትክክል ቢደገፍ ወይም ቢንጠለጠል ወደ አንዱ ወገን ሳያዘነብል ይቆማል። አነስተኛ የአውሮፕላን ሞዴል የሚሠራ ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት በሁለቱ ክንፎች ሥር ጣቶቹን አድርጎ ሞዴሉን ከፍ የሚያደርገው ይህንን ነጥብ ለማግኘት ነው። የነጥቡ ታሪክ በመጻሕፍት ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሊቃውንት ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ ነገር ግን ከሊቃውንቱ በፊትም ሆነ ከእነርሱ ጎን፣ ክብደትን ሳይገለበጥ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ማድረስ ኑሯቸው የሆነ ሰዎች ነበሩና፣ ታሪኩ ከሁሉ በፊት የጫኞች ታሪክ ነው ማለት ከእውነት አያርቅም። ከእነዚህ ጫኞች መካከል በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ በሚገኘው በጎልቦ ሜዳ የሚንቀሳቀሱት ግመል አርቢዎች ተገቢውን ስፍራ ሊያገኙ ይገባል።

ጎልቦ በቦረንኛ ዝቅተኛውንና ሞቃቱን ሜዳማ አገር የሚያመለክት ስም ነው። የሞያሌ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ በታች ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚዘረጋው ሜዳ በሶሎሎና በቱርቢ አቅጣጫ አልፎ ቀስ በቀስ ወደ ጨልቢ በረሃ ይወርዳል፤ ዛሬ በኬንያ በኩል በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ከሞያሌ የምርጫ ክልል ወረዳዎች አንዱ በዚሁ ስም ይጠራል። ከጋብራ ሕዝብ አምስት ነገዶች የአንዱ መጠሪያ ጋልቦ ስለሆነ ሁለቱን ስሞች አለማምታታት ያስፈልጋል። በዚህ አገር ላይ የድንበር መስመር የተወሰነው በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1907) በተፈረመው ውል ሲሆን፣ መሠረቱም ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ያካሄደው ቅየሳ ነበር። መስመሩ ግጦሹን ከውኃ ጉድጓዱ፣ ቆላውንም ከደጋው ቢለይም፣ በሜዳው ላይ የሚኖሩት ቦረናዎች፣ ጋብራዎች፣ ገሪዎችና ሳኩዬዎች ዝናቡን እየተከተሉ መጓዛቸውን አላቋረጡም፤ ጉዞ ባለበት ደግሞ ጭነት አለ።

በተለይ የጋብራ ቤት ራሱ ጭነት ሆኖ እንዲሠራ የታሰበ ቤት ነው። ከእንጨትና ከሥር የተቀለሱ ቀስት መሰል ምሰሶዎች፣ ከቃጫ የተሠሩ ምንጣፎችና ቆዳዎች ተገጣጥመው ጉልላት የሚመስለውን ቤት ያቆማሉ፤ ሰፈሩ ሲነሣም ያው ምሰሶና ያው ምንጣፍ ተፈትቶ በግመል ጀርባ ላይ የጭነት ኮርቻ ይሆናል። ቤቱን የሚሠሩት፣ የሚያፈርሱትና የሚጭኑት ሴቶች ናቸው፤ ቤቱም የእነርሱ ነው። ምንጣፉና ቆዳው የግመሉን ሻኛ ከብቦ ጀርባውን ከመላጥ ይጠብቀዋል፣ ምሰሶዎቹ በግራና በቀኝ ተጋድመው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ በመካከላቸው በሚፈጠረው ቅርጫት መሰል ስፍራ ደግሞ ሕፃናት፣ አቅመ ደካሞችና ገና የተወለዱ ግልገሎች ይቀመጣሉ። ከሩቅ ሲታይ ግመሉ ጀልባ የተሸከመ ይመስላል። የአንድ ቤተሰብ ንብረት እንደ ሀብቱ መጠን በጥቂት ግመሎች ላይ ይደለደላል፤ አንድ ጠንካራ ግመልም ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚደርስ ጭነት ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መጓዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ ክብደት በአራት ቀጫጭን እግሮች ላይ፣ ያውም ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ የሚዛኑ ጉዳይ በግመል ላይ ከሌሎች የጭነት እንስሳት ይልቅ የከበደ ነው። ፈረስና አህያ በዝግታ ሲራመዱ እግሮቻቸውን ተራ በተራ ያነሣሉ፤ ግመል ግን በአንድ ጎን ያሉትን የፊትና የኋላ እግሮች በአንድነት ሊባል በሚችል ሁኔታ አንሥቶ ስለሚራመድ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አካሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። በአንዱ ጎን ያለው ጭነት ከሌላው ጥቂት ቢከብድ ውዝዋዜው ልዩነቱን በየእርምጃው ያባዛዋል፤ ኮርቻው ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ ጎን ይሸሻል፤ በመጨረሻም ጭነቱ ከሆዱ ሥር ይገኛል፣ ወይም የሻኛው ቆዳ ተልጦ እንስሳው ለብዙ ሳምንታት ከሥራ ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ግመል በርከክ ብሎ ሳለ ጭነቱ ከግራና ከቀኝ በአንድ ጊዜ ይሰቀላል፤ ይህም ሥራው ቢያንስ ሁለት ሰው የሚፈልግበት ምክንያት ነው። ጫኚዋ እያንዳንዱን ዕቃ በእጇ አንሥታ ከጓደኛው ጋር ታመዛዝነዋለች፤ የጎደለውም ወገን በትንሽ ዕቃ ይሞላል።

በዚህ ስፍራ ላይ ጥቂት መዘግየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም እጅ የሚሠራው ሥራ ከሁለት የተለያዩ ነገሮች የተዋቀረ ነው። አንደኛው የክብደቱ መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው ክብደቱ ከመካከለኛው መስመር ያለው ርቀት ነው። ቀላል ዕቃ ከሻኛው ርቆ ቢንጠለጠል ለሻኛው ተጠግቶ የታሰረውን ከባድ ዕቃ ሊያነሣ ይችላል፤ በፊዚክስ ቋንቋ የክብደቱና የርቀቱ ብዜት የማዞር ኃይል ይባላል፤ ሚዛን ማለትም የግራው ብዜት ከቀኙ ብዜት ጋር ሲስተካከል ነው። የውኃ ጭነት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ጎዶሎ ዕቃ ውስጥ ያለ ውኃ እየተንቦጫረቀ የስበት ማዕከሉን ይዞት ስለሚዞር ዕቃው ወይ ሙሉ ወይ ባዶ ቢሆን ይመረጣል፤ በመንገድ ላይ ከአንድ ጎን ብቻ እየተቀዳ ቢጠጣም ጠዋት የተስተካከለው ጭነት እስከ ማታ ይዛባል። ቀድሞ ከቃጫና ከሥር ተጎንጉነው በሚሠሩት የውኃ መያዣዎች ፈንታ ዛሬ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሲገቡ የእያንዳንዱ ዕቃ ክብደት አንድ ዓይነት በመሆኑ የጫኚዋ ሥራ በዚህ በኩል ቀለለ፤ የርቀቱና የመቀዳቱ ጉዳይ ግን እንዳለ ቀረ። የአውሮፕላን አብራሪም በግራና በቀኝ ክንፍ ካሉት የነዳጅ ጋኖች እያመጣጠነ የሚጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጎልቦ በስተሰሜን በሜጋና በዱብሉቅ አቅጣጫ የሚገኘው፣ በቦረንኛ ኤል ሶድ፣ በአማርኛ ደግሞ ጨው ቤት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ የዚሁ ሙያ ሌላ ገጽታ ይታይበታል። ከጥልቁ ሐይቅ የሚወጣው ጥቁር የጨው ጭቃ በአህዮች ተጭኖ ቀጥ ያለውን ገደል ይወጣል። በዳገት ላይ ጭነት ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት፣ እዚህ የሚያስጨንቀው የግራና የቀኝ ብቻ ሳይሆን የፊትና የኋላ ሚዛን ነው። መጫኛው ከደረትና ከጅራት ሥር ካልተያዘ አህያዋ ወይ ትንገዳገዳለች ወይ ወደ ኋላ ትጎተታለች። አውሮፕላንን የሚያስጨንቀውም ከሁሉ በላይ ይኸው የፊትና የኋላው ሚዛን ነው።

እጅ ያወቀውን ነገር በቃልና በቁጥር ያሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በሰራኩስ የኖረው አርኪሜደስ ሲሆን፣ ስለ ጠፍጣፋ ቅርጾች ሚዛን በጻፈው ድርሳን ክብደቶች ከመደገፊያው ባላቸው ርቀት ተቃራኒ መጠን እንደሚመዛዘኑ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1121 ደግሞ በመርቭ ከተማ የነበረው አል ኻዚኒ የጥበብ ሚዛን በሚል ርእስ ባዘጋጀው መጽሐፍ የስበት ማዕከልን ከንግድ ሚዛን አሠራር ጋር አያይዞ አብራራ። በኢትዮጵያም ወርቅና ዝባድ የሚመዘንበት ወቄት ከማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ ማለትም ከ28 ግራም ገደማ ጋር ተዛምዶ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ የነጋዴው ሚዛን ምላስ ቀጥ ብሎ ሲቆም የሚያመለክተው አርኪሜደስ በቃል የገለጸውን ነገር ነው። ሆኖም ሚዛን በገበያ ላይ የሚያገለግለው ሁለት ክብደቶች እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ሲሆን፣ ጫኝና አውሮፕላን ሠሪ የሚሹት ግን አንድ አካል በየትኛው ነጥቡ ላይ እንደሚመዘን ማወቅን ነው፤ ሥሩ አንድ ቢሆንም ጥያቄው ተገልብጧል።

ይህ የተገለበጠ ጥያቄ ወደ አየር የወጣው በሞዴል አማካይነት ነው። በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የኖረው ጆርጅ ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1804 አንድ ሜትር ተኩል ገደማ በሚረዝም ዘንግ ላይ የልጆች ካይት የሚመስል ክንፍና የመስቀል ቅርጽ ያለው ጅራት ገጠመ። ከዚህም ጋር ወዲያና ወዲህ ሊንቀሳቀስ የሚችል ክብደት ጨመረበት። ክብደቱ የተጨመረው የስበት ማዕከሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየወሰዱ ሞዴሉ በየትኛው ቦታ ላይ የተረጋጋ በረራ እንደሚበር ለመፈተን ነበር። ክንፍ፣ አካልና ጅራት ያለው የዛሬው የአውሮፕላን ቅርጽ በዚህ ሞዴል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ ብዙ ጊዜ ይወሳል፤ ከቅርጹ ጋር የሚንቀሳቀሰው ክብደት አብሮ መወለዱ ግን የሚገባውን ያህል አይነገርለትም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1871 ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በተጠማዘዘ ላስቲክ የሚሽከረከር ውልብልቢት ያለውን ሞዴሉን በፓሪስ የቱይለሪ አትክልት ስፍራ በሕዝብ ፊት አበረረ፤ ሞዴሉ በ11 ሴኮንድ 40 ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ሰው ሳይነካውም ራሱን ማስተካከል ቻለ። ጀርመናዊው ኦቶ ሊሊየንታል ግን እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ በተንሸራታች ክንፍ ሲበር የገዛ ሰውነቱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ የስበት ማዕከሉን በየቅጽበቱ ይለውጥ ነበር፤ በኦገስት 1896 ክንፉ በአየር ላይ ሲያመልጠው የሰውነቱ እንቅስቃሴ ሊመልሰው ባለመቻሉ ወድቆ ሞተ።

የራይት ወንድማማቾች ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ያደላ ስለነበር አፍንጫው ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በኦሃዮ ሜዳ ላይ በሠሩት ሁለተኛ አውሮፕላን ይኸው ችግር በጸና ጊዜም መፍትሔ ያደረጉት 32 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ብረት በፊት ለፊቱ ላይ ማሰርን ነበር። ዛሬ የሞዴል ሠሪ በአፍንጫው ውስጥ እርሳስ ወይም ጭቃ ሲለጥፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጋብራዊቷ ጫኚም በቀለለው ጎን ትንሽ ዕቃ ስትጨምር ከዚህ የተለየ ነገር አልሠራችም።

በዛሬው ዘመን ያለው የሞዴል አሠራር ስልት በአጭሩ የሚከተለው ነው። የክንፍ ስፋት ማለት ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ተራ ቅርጽ ባላቸው ሞዴሎች የስበት ማዕከሉ ከፊት ጠርዙ ተነሥቶ የዚህን ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ በሚሆን ርቀት ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከ50 እስከ 66 ሚሊ ሜትር ባለው ስፍራ ማለት ነው። ነጥቡ በሁለቱም ክንፎች ሥር ምልክት ይደረግበትና ሞዴሉ ባትሪውና ሌላው ዕቃው ሁሉ ገብቶለት በምልክቶቹ ላይ በጣት ይደገፋል። ክንፉ ከአካሉ በታች የተገጠመ ከሆነ ሞዴሉን ገልብጦ መመዘን ይሻላል፤ አለዚያ ክብደቱ ከመደገፊያው በላይ ስለሚሆን በትንሽ ንክኪ ይገለበጣል። አፍንጫው በጥቂቱ ዘንበል ቢል ይመረጣል፤ ጅራቱ ከወረደ ግን ሞዴሉ ለበረራ አልደረሰም። ምክንያቱም ለእያንዳንዱ አውሮፕላን ገለልተኛ ነጥብ የሚባል፣ በነፋስ ሲነካ አየሩ በሚፈጥረው ተጨማሪ ግፊት የማይዞርበት ስፍራ አለ፤ የስበት ማዕከሉ ከዚህ ነጥብ ፊት ሲሆን አፍንጫው ቢነሣ መልሶ ይወርዳል፣ ከኋላው ሲሆን ግን የተነሣው አፍንጫ ይበልጥ ይነሣል፣ ክንፉም አየሩን ይለቅና ሞዴሉ ይወድቃል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 1,000 ግራም የሚመዝን ሞዴል የስበት ማዕከሉ ከተፈለገው ነጥብ በ20 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢገኝ፣ ትርፉ የማዞር ኃይል የ1,000 እና የ20 ብዜት፣ ማለትም 20,000 ነው። ከተፈለገው ነጥብ 200 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት በሚገኘው አፍንጫ ላይ ይህን የሚያነሣው ክብደት 100 ግራም ይሆናል፤ ይህም ሞዴሉን በአንድ ዐሥረኛ ያከብደዋል። በዚህ ፈንታ 200 ግራም የሚመዝነው ባትሪ 100 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ቢገፋ ብዜቱ ያው 20,000 ስለሆነ፣ አንድም ግራም ሳይጨመር ሚዛኑ ይስተካከላል። አዲስ ክብደት ከመጨመር በፊት ያለውን ማዘዋወር የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ አውሮፕላን የገባው በሞዴልነት ሳይሆን ሙሉ አካል ሆኖ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 በተባለው አውሮፕላን አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። የሚዛን ነጥብን ከመነሻው የመፈለግ ሥራ በኢትዮጵያ ምድር የተጀመረው ግን የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪና መሐንዲስ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር በአዲስ አበባ አንድ አውሮፕላን ሲሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ ሞተሩን፣ መቀመጫውንና የነዳጅ ጋኑን በየስፍራው የሚያሳርፍ ሠሪ ሁሉ ይህን ጥያቄ መጋፈጡ አይቀርምና። በንጉሠ ነገሥቱ ሴት ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው ይህች አውሮፕላን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር አገሪቱን በወረረበት ወራት በረረች። ወራሪው ማርኮ ወደ ጣልያን ወሰዳት፤ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ከቆየች በኋላም በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

በጎልቦ ሰማይ ላይ አውሮፕላን በብዛት የታየው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የጣልያን ጦር በሞያሌ የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ከብቦ በሐምሌ ወር ሲይዝ፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር ሜጋንና ሞያሌን ሲያስለቅቅ፣ የሁለቱም ወገን አውሮፕላኖች በዚህ ግንባር ተሰልፈዋል። ስለ እነዚህ አውሮፕላኖች ለጉዳዩ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦምብ የሚንጠለጠለው በተቻለ መጠን ከስበት ማዕከሉ ሥር ሲሆን፣ ይህም የሚደረገው ከባዱ ጭነት በአንድ ቅጽበት ሲለቀቅ አውሮፕላኑ አፍንጫውም ሆነ ጅራቱ እንዳይወረወር ነው።

የሰላሙ ጊዜ ጫኝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያሰማራው ከጦርነቱ የተረፉ ሲ 47 አውሮፕላኖችን ሲሆን፣ በእነዚህ ውስጥ ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጉ አግዳሚዎች ተቀምጠው ጭነቱ በመካከላቸው ወለሉ ላይ ይታሰር ነበር። በግራና በቀኝ የተመዛዘነው ይህ አቀማመጥ ከጋብራ ግመል ጋር ያለው መመሳሰል የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ዋናው ልዩነት ግን በአቅጣጫው ላይ ነው። ሲ 47 በምድር ላይ ሲቆም ጅራቱ በትንሽ ጎማ ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ ወለሉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ በሰንሰለት ያልታሰረ የቡና ጆንያ ወይም የቆዳ እስር በመነሻው ጉልበት ወደ ጅራት ቢንሸራተት የስበት ማዕከሉን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ጭነቱ ተመዝኖ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ክብደት ከመነሻ መስመር ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ ድምሩ በቅጽ ላይ ሰፍሮ ካልተፈረመበት በስተቀር አውሮፕላኑ አይነሣም። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ደግሞ ተሳፋሪው ራሱ ከነሻንጣው ተመዝኖ ቦታው ይነገረዋል። በአማርኛ ጫኝ የሚለው ቃል የአህያውንም፣ የግመሉንም፣ የአውሮፕላኑንም ሠራተኛ ሳይለይ ማቀፉ ቋንቋው ጉዳዩን በትክክል እንደያዘው ያሳያል።

በጎልቦ መሬት ላይ ግን ግመልን ከረጅም ጉዞ ንግድ ያስወጣው አውሮፕላን ሳይሆን ካሚዮን ነበር። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ከመሆኑ በፊት ከብት የጫኑ ካሚዮኖች ሰዎችን ከእንስሳቱ በላይ በብረቱ አጥር ላይ አስቀምጠው ይጓዙ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጭነት ደግሞ ሦስተኛውን አቅጣጫ፣ ማለትም ከፍታን ያመጣል። የስበት ማዕከል ከፍ ባለ መጠን ተሽከርካሪው በትንሽ ዝንባሌ ይገለበጣል፤ ከሥር ያሉት ከብቶች በመዞሪያው ላይ ወደ አንድ ወገን ሲገፉም ጭነቱ ራሱን ያዘዋውራል። መንገዱ ከተነጠፈ በኋላ አውቶቡስ የሰዉን፣ ካሚዮን የከብቱን ድርሻ ለየብቻ ያዘ። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ዝናብ ወደ ጣለበት ስፍራ የሚሄደው ሰፈር ግን አሁንም ቤቱን በግመል ይጭናል፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ግመሉ በርከክ ይላል፣ ሁለት ሴቶችም ከግራና ከቀኝ ቆመው ጀሪካኖቹን በአንድ ጊዜ ያነሣሉ።